አዲሱ ዲሽ ሥዕል አላሳይ ሲል፦ ከሳሎን እስከ ጣሪያ

ዲሹን የሰቀለው ባለሙያ ሂሳቡን ተቀብሎ ከግቢ ከወጣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ቴሌቪዥኑ ግን ሰማያዊ ሆኖ «ሲግናል የለም» ይላል። ሲደወልለት ስልኩ አይነሳም። የቤቱ ልጅ መሰላል አቁሞ ጣሪያ ላይ ይወጣና ዲሹን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። እህቱ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አልመጣም! አሁንም አልመጣም!» ትላለች። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ከተደከመ በኋላ ምናልባት ትክክል የነበረው አቅጣጫ እንኳ ይጠፋል። መጀመሪያ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆኗል።

ደሴ ውስጥ በጎረቤትም በዘመድም ቤት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው በድካሙ ያገኘውን ገንዘብ ለአንድ ዲሽ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲከፍል ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የዲሹን ብሎን መጨረሻ ላይ ይፍቱ። አዲስ በተሰቀለ ዲሽ ላይ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሪሲቨሩ ውስጥ በተሞላው ቁጥር፣ በገመዱ ጫፍ ወይም ከዲሹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሞገዱን በሚቀበለው ዕቃ፣ በኤልኤንቢው፣ አዟዟር ላይ ነው። ሦስቱንም ለማየት ዲሹን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም።

ሳተላይቱ ከወሎ ሰማይ የት ነው?

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት የተጀመረው የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሳተላይት ኩባንያ ጋር በ2012 ዓ.ም. ባደረገው ስምምነት ነው። ሥርጭቱ የሚወርደው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ከተቀመጠው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ቤት ዲሹን ያዞረው በምዕራብ 7 ዲግሪ ወዳለው ናይልሳት ነበር። ሁለቱ በ64 ዲግሪ ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሮ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም። እንዲህ አድርጌ እሠራለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘብዎን አይስጡት፤ ሁለቱን ለሚፈልግ ቤት ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል።

ደሴ ላይ ሆነው ወደ ኢትዮሳት ሲመለከቱ አቅጣጫው ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ሲቆጠር 122 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማለትም ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ። ለደሴ ሰው የሚቀልለው አገላለጽ ይህ ነው፦ ወደ ኮምቦልቻ ፊትዎን ያዙሩ፤ በግምት እዚያው ነው። ከፍታው ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው፤ ከአድማስ 66 ዲግሪ ወደ ላይ፣ ከአናታችን ብዙም የማይርቅ። ከሚሴ ላይ አቅጣጫው 121፣ ወልድያና ላሊበላ ላይ 123 ገደማ ነው፤ ከፍታውም በሁሉም ቦታ ከ65 እስከ 66 ባለው መካከል ይውላል። ስለዚህ ከታች የምጽፋቸው ቁጥሮች ለመላው ወሎ ያገለግላሉ።

ከዚህ ከፍታ የተነሣ ጦሳም ሆነ አዝዋ ገደል የማንንም ዲሽ አይጋርድም። «ሠፈራችሁ ተራራ ሥር ስለሆነ ነው» የሚለውን ምክንያት አይቀበሉ። ባሕር ዛፍም ቢሆን ከዲሹ በላይ 10 ሜትር የሚረዝም ዛፍ የሚጋርደው በሳተላይቱ አቅጣጫ ከ4 ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ላይ ከቆመ ነው። የሚጋርደው ብዙውን ጊዜ ቅርብ ያለው ነገር ነው፦ የራስዎ ጣሪያ ክፈፍ፣ የውኃ ታንከር፣ ጎረቤት በቅርቡ የጨመረው ፎቅ።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን መስመሮች ያንብቡ

ሳሎን ይቀመጡ። የሪሲቨሩን ሜኑ ከፍተው «ኢንስታሌሽን» ወይም «ሳተላይት ሰርች» የሚለውን ሲነኩ ከታች ሁለት መስመሮች ይታያሉ። አንዱ የሲግናል ጥንካሬ ሲሆን ሌላው ኳሊቲ፣ ማለትም የሲግናሉ ጥራት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ሲግናል እኮ አለ» ይላል። ጥንካሬው ግን በዋናነት የሚናገረው ኤልኤንቢው ኃይል አግኝቶ እየሠራ መሆኑንና ገመዱ እንዳልተበጠሰ ነው። ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ቢያይ እንኳ ጥንካሬው 50 ወይም 60 ሊያሳይ ይችላል። ሥዕል የሚያመጣው ኳሊቲው ነው።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ጥፋቱ ያለው በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ነው፦ ገመድ፣ ማያያዣ፣ ስዊች (የሁለት ዲሽ ገመዶችን ወደ አንድ ሪሲቨር የሚያገናኘው ዕቃ) ወይም የሞተ ኤልኤንቢ። ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ። ጥንካሬው እያለ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ወይ የተሞላው ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይ ኤልኤንቢው በአግባቡ አልዞረም፣ ወይ ዲሹ ሌላ ቦታ ያያል፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ይመርምሩ። ኳሊቲው ኖሮ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ሥዕሉም የሚቆራረጥ ከሆነ አቅጣጫው ቀርቧል፣ የሚቀረው ማጥበቅና ማስተካከል ነው። ኳሊቲው ጥሩ ሆኖ ሥዕል ከሌለ ደግሞ ዲሹን ይተዉት። ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘውን የኤችዲኤምአይ ወይም የባለ ሦስት ቀለም ገመድ፣ ቴሌቪዥኑም ትክክለኛው መግቢያ ላይ መሆኑን ይዩ።

ደረጃ 2፦ ሪሲቨሩ ውስጥ የተሞላው

መጀመሪያ ሪሲቨሩ ራሱ። ከድሮው የናይልሳት ዘመን የቀረ አሮጌ ሪሲቨር የኢትዮሳትን ጣቢያዎች ላያወጣ ይችላል፤ ፊቱ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ኤችዲ እና ዲቪቢ ኤስ 2 የሚል ምልክት ይፈልጉ። ይህ ከሌለ የቀረውን ሁሉ ቢያስተካክሉም ድካም ነው።

ከዚያ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። የኤልኤንቢ ኃይል ክፍት መሆን አለበት። የኤልኤንቢው ዓይነት «ዩኒቨርሳል» ወይም 9750/10600 የሚለው ነው። 22 ኪሎ ኸርዝ የሚለው «ኦቶ» ይሁን፤ አማራጩ ከሌለ ይዘጋ። ስዊች ሳይኖር ገመዱ በቀጥታ ከኤልኤንቢ የሚመጣ ከሆነ ዳይሴክ የሚለው፣ ማለትም የስዊቹን መግቢያ የሚመርጠው፣ መዘጋት አለበት። የሳተላይቱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖር አይጨነቁ፤ ስሙ ለእርስዎ መለያ ነው እንጂ ሪሲቨሩ ዲሹ ወዴት እንደሚያይ አያውቅም። በምሥራቅ 57 የተመዘገበ ካለ እሱን ይውሰዱ፤ ከሌለ አዲስ ይጨምሩ።

ለመፈተሻ የሚያገለግለው ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽኑ (ሞገዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ) ኤች ማለትም አግድም፣ ሲምቦል ሬቱ 45000 ነው። ሲምቦል ሬቱን 27500 አድርገው የተዉት ሪሲቨሮች ስንት አሉ! ያ ቁጥር ናይልሳት ላይ የተለመደ ስለሆነ እጅ ሳያስበው ይጽፈዋል። በአንድ ቁጥር ስሕተት የተነሣ ኳሊቲው ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ዲሹ ምንም ሳያጠፋ ይወቀሳል።

ፍሪኩዌንሲ ሊቀየርም ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ የሚታመነው ቴሌቪዥኑ እየሠራ ያለው ጎረቤትዎ ነው። ቡና ሲፈላ ሄደው የጣቢያውን መረጃ የሚያሳየውን ቁልፍ አስነክተው ቁጥሮቹን በወረቀት ይገልብጡ። ከተፈቀደልዎት ሌላም ነገር ያድርጉ፤ እኔ ከምክሬ ሁሉ ከፍ አድርጌ የማየው ይህን ነው። የራስዎን ሪሲቨር ይዘው ሄደው በጎረቤት ገመድ ላይ ይሰኩት። እዚያ ሥዕል ካወጣ ሪሲቨሩም የሞሉት ቁጥርም ደኅና ነው፤ ችግሩ ከቤትዎ ግድግዳ ውጭ ነው። እዚያም ካላወጣ ጣሪያ ላይ የሚወጡበት ምክንያት የለም። አሥር ደቂቃ ያልፈጀ ፍተሻ ነገሩን ለሁለት ከፈለው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ገመድና ማያያዣ

ገመዱን ከመንቀልም ከመሰካትም በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ። ገመዱ ውስጥ ኤልኤንቢውን የሚያሠራ ኤሌክትሪክ አለ፤ ሰውን የሚጎዳ ባይሆንም መካከለኛው ሽቦ ከዳሩ፣ ማለትም ዙሪያውን ከተጎነጎነው ሽቦ ጋር ከተነካካ ሪሲቨሩን ሊያበላሽ ይችላል። ሪሲቨሩ «ኤልኤንቢ ሾርት» የሚል ጽሑፍ ካወጣ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ማያያዣውን ፈትተው ጫፉን በብርሃን ይመልከቱ። መካከለኛው ሽቦ ቀጥ ብሎ ከማያያዣው አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መውጣት አለበት። አጥሮ ከሆነ አይነካም፤ ተጣምሞ ከሆነ ሲሰካ ይታጠፋል። ከጎን ያለው የተጎነጎነ ሽቦ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር እንኳ ወደ መካከሉ ገብታ ከሆነ ሾርት ነው። አዲስ ሥራ ላይ በብዛት ያገኘሁት ጥፋት ይህ ነው፤ ባለሙያው ሲቸኩል በጥርሱ ልጦ ያጠባብቀዋል። ጫፉን ቆርጠው በስለት እንደገና ቢልጡትና ማያያዣውን ቢያጠብቁት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቴስተር ያለው ሰው ካለ የበለጠ ይቀልላል። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው በመካከለኛው ሽቦና በዳሩ መካከል ይለኩ፤ ምንም መገናኘት የለበትም። ቀጥሎ ሪሲቨሩ ጋ ያለውን ጫፍ ሰክተው፣ ሪሲቨሩን አብርተው፣ በኤልኤንቢው በኩል ባለው ጫፍ ቮልቱን ይለኩ፤ ሪሲቨሩ አግድም ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲሆን 18 ገደማ፣ ቋሚ ላይ ሲሆን 13 ገደማ ያሳያል። ሪሲቨሩ ጋ ኖሮ እዚያ ከሌለ ገመዱ መንገድ ላይ ተበጥሷል። እዚያ ደርሶ ኤልኤንቢው ሲሰካ ሁለቱም መስመሮች ዜሮ ከሆኑ ኤልኤንቢው ሞቷል፤ ይቀይሩት።

መንገድ ላይ የተቀጠለ ገመድ ካለ ቅጥያውን ይጠርጥሩ። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለመብራት ያገለግል ይሆናል፤ ለዲሽ ገመድ አይሆንም። 30 ሜትር ድረስ ያለ ቅጥያ የሚዘረጋ ደኅና ገመድ ችግር አይፈጥርም። መስኮት መዝጊያ የጨፈለቀውን፣ ቆርቆሮ ጠርዝ የላጠውን፣ ኮርኒስ ውስጥ አይጥ የበላውን ቦታ በእጅዎ እየዳሰሱ ይከታተሉ።

ሁለት ዲሽ ያለው ቤት ስዊቹንም ማየት አለበት። ስዊቹ ላይ እያንዳንዱ መግቢያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮሳት ገመድ 2 ቁጥር ላይ ከተሰካ ሪሲቨሩ ውስጥም የኢትዮሳት ዳይሴክ 2 መሆን አለበት። ለመለየት ስዊቹን ለጊዜው ይዝለሉት፦ የኢትዮሳትን ገመድ በቀጥታ ወደ ሪሲቨሩ በሚሄደው ገመድ ላይ ይቀጥሉ፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ዳይሴክን ይዝጉ፣ ኳሊቲውን ይዩ። ከመጣ ጥፋቱ ስዊቹ ነው።

ደረጃ 4፦ የኤልኤንቢው አዟዟር

እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፤ ወሎ ውስጥ ብዙ ድካም የሚባክነው በዚህ ነውና።

የአክስቴ ቤት ሸዋ በር ነው። አዲስ ዲሽ ተሰቀለላት፤ ጥንካሬው ጥሩ፣ ኳሊቲው ዜሮ። ሰቃዩ ተመልሶ መጥቶ ኤልኤንቢውን በአዲስ ቀየረ። አልመጣም። ሌላ ሰው ሪሲቨሩን አስቀየራት። አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ስደርስ ዲሹ ወደ ትክክለኛው ቦታ ያይ ነበር፤ ኤልኤንቢው ግን ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት እንዲወርድ ተደርጎ፣ በጣም በሚያምር ሁኔታ፣ ታስሯል። ማቀፊያውን ጥቂት አላልቼ አዞርኩት። ኳሊቲው ከዜሮ ተነሥቶ 60 አለፈ። አክስቴ ለሁለት ቅያሬ የከፈለችው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሳተላይቱ ሞገዱን አንዱን አግድም ሌላውን ቋሚ አድርጎ ይልካል። ይህ አግድም የሚለካው ከምድር ወገብ ጋር ነው። እኛ ሳተላይቱን የምናየው ወደ ጎን፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ የእሱ አግድም ለእኛ ያዘነበለ ሆኖ ይደርሰናል። ከደሴ ሲሰላ ዝንባሌው 57 ዲግሪ ያህል ነው። ከ45 ዲግሪ በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ኤልኤንቢው ቀጥ ብሎ ሲታሰር የሚፈለገውን አግድም ትቶ ከሌላው ከቋሚው የበለጠ ይቀበላል ማለት ነው። ዲሹን እየገፉ ቢውሉ ይህ አይስተካከልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከዲሹ ፊት ለፊት፣ ዲሹን እያዩ ይቁሙ፤ ሳተላይቱ ከጀርባዎ ይሆናል። ኤልኤንቢውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቁጠሩት። የገመድ መሰኪያው ወደ መሬት ከተመለከተ የሰዓቱ መልክ ላይ 6 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። ማቀፊያውን አላልተው የሰዓት እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ግራዎ፣ መሰኪያው 8 የሚለው ቁጥር ጋ እስኪደርስ ያዙሩት። አንገቱ ላይ የዲግሪ መስመር የተጻፈበት ከሆነ ከዜሮ ወደ 57 ገደማ። ከዚያ ሳሎን ያለው ሰው ኳሊቲውን እየነገረዎት ጥቂት ወዲህ ጥቂት ወዲያ አድርገው ከፍተኛው ላይ ያጥብቁት።

ናይልሳት ላይ አዟዟሩ በተቃራኒው ወገን ሆኖ 75 ዲግሪ ያህል ነው። የናይልሳቱን ዲሽ ወደ ኢትዮሳት ሲያዞሩ ኤልኤንቢውን እንደነበረ የሚተዉ ሰዎች ለምን እንደሚቸገሩ ከዚህ ይገባዎታል።

ደረጃ 5፦ አሁን ዲሹ

የቀሩት ሁሉ ተፈትሸው ኳሊቲው አሁንም ዜሮ ከሆነ ብቻ እዚህ ይድረሱ። ጣሪያ ላይ ብቻዎን አይውጡ። ክረምት ላይ የረጠበ ቆርቆሮ ሰው ጥሏል፤ እስኪደርቅ መቆየት ምንም አያጎድልም። ምሰሶው ወይም መሰላሉ ወደ መብራት ሽቦ የሚደርስ ከሆነ ሥራውን ያቁሙ። ነጎድጓድ ሲሰማ ይውረዱ።

ይዘው የሚወጡት 10 እና 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ውኃ ልክ ወይም ቱምቢ፣ ስልክ ነው። መጀመሪያ ምሰሶውን በቱምቢ ይለኩ፤ በሁለት ወገን ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ምሰሶው ከተጋደመ ዲሹን ከምሰሶው ጋር ያሰረው ማቀፊያ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ በሚስማር ብቻ የተመታ ምሰሶም አይታመንም፤ ግድግዳ ላይ በብሎን ወይም መሬት ላይ በሲሚንቶ የቆመ ይሻላል።

ቀጥሎ ከፍታው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ወደ ግራና ቀኝ በማዞር ነው፤ እዚህ አገር ላይ ግን ትክክል አይደለም። ሳተላይቱ በጣም ከፍ ስላለ ዲሹን በጎን 1 ዲግሪ ማዞር ሰማይ ላይ የሚያንቀሳቅሰው 0.4 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የተንቀሳቀሰ 1 ዲግሪ ግን ሙሉ 1 ዲግሪ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በ1 ዲግሪ ሲሳሳት የሚቀበለው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ይህም ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ሲለካ የ1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ነው። ስለዚህ ከፍታውን በጥንቃቄ ያስተካክሉ፣ ከዚያ በጎን በሰፊው ይፈልጉ።

ኤልኤንቢው በትክክል ከመካከሉ ፊት ለፊት የቆመለት ክብ ዲሽ ከሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታችኛው አጋድመው የስልኩን የዝንባሌ መለኪያ ያስቀምጡበት፤ ከመሬት ደረጃ 24 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ኤልኤንቢው ከታች በወጣ ክንድ ላይ የተቀመጠለት ሞላላ ዲሽ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ እንዲህ ያለው ዲሽ ከሚያይበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ያለ ይመስላል። ለእሱ የዲሹ ማቀፊያ ላይ የታተመውን የከፍታ ቁጥር 66 ላይ ያድርጉት። «ዲሹ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ያያል» ብለው ወደ ላይ የገለበጡትን ሰዎች አውቃለሁ፤ የተማመኑት በዓይናቸው ነበርና ተሳሳቱ።

ከፍታው ሲያዝ ጥቂት አጥብቀው በጎን ያዙሩ። የስልክ ኮምፓስ ከቆርቆሮና ከብረት ምሰሶ አጠገብ ስለሚሳሳት ከቤቱ ጥቂት ሜትር ርቀው አቅጣጫውን ይለዩና አንድ ምልክት ይያዙ፤ ዛፍ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የጎረቤት ምሰሶ። ከዚያ ምልክት ግራና ቀኝ በጣም በቀስታ ይሂዱ። ሪሲቨሩ ያገኘውን ለማሳየት ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይፈልጋል፤ ሰው ሲቸኩል ሳተላይቱን አልፎት ይሄዳል። ጣት በሚያህል ርቀት ይግፉ፣ እስከ ሦስት ይቁጠሩ፣ ይጠይቁ፣ ይቀጥሉ። በመስኮት ከመጮኽ በስልክ መነጋገር ወይም ትንሽ ቴሌቪዥን ከዲሹ አጠገብ ማምጣት ይሻላል። ምንም ካልተገኘ ከፍታውን በ1 ዲግሪ ለውጠው እንደገና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይመለሱ።

ኳሊቲው ብቅ ሲል የሁሉም ፈተና ይጀምራል፤ ብሎን ሲጠብቅ ዲሹን ይዞት ይሄዳል። ዳዶዎቹን በየተራ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያደረጉ ያጥብቁ፣ ኳሊቲውንም እየጠየቁ። ካለቀ በኋላ ጠርዙን በቀስታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይግፉት። በየትኛውም ወገን ሲገፋ ኳሊቲው ከጨመረ ገና ጫፉ ላይ አልደረሰም። በሁሉም ወገን ሲቀንስ ትክክል ነው። መጨረሻ ላይ የኤልኤንቢውን አዟዟር አንድ ጊዜ ደግመው ያጣሩ።

ሠርቶ ሲጠፋ

ሥዕሉ የሚጠፋው በምን ሰዓት ነው? መልሱ ግማሹን መንገድ ይወስዳል።

ከባድ ዝናብ ሲወርድ ጠፍቶ ሲያባራ የሚመለስ ከሆነ ጤናማ ነው፤ ውኃ ይህን ሞገድ ይውጣል። ቀላል ዝናብም የሚያጠፋው ከሆነ ግን ዲሹ ጫፉ ላይ አልተቀመጠም፤ ሐምሌ ሳይመጣ ያስተካክሉት። የደሴን ጭጋግ አይውቀሱ፤ ጭጋግ ይህን ሥርጭት አይጎዳውም። ጭጋግ ሲኖር የሚጠፋ ቴሌቪዥን በእርጥበት የተበላ ማያያዣ አለው። ፈትተው መካከለኛው ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ ቆርጠው ያድሱት፤ በናስትሮ ይጠቅልሉት፤ ገመዱ ወደ ኤልኤንቢው ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ሆድ እንዲኖረው አድርገው ይተዉት፤ ውኃው ከሆዱ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ማያያዣው አይወጣም።

በነፋስ የሚጠፋ ከሆነ ዳዶ ላልቷል ወይም ምሰሶው ይወዛወዛል። ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላም የማይመለስ ክብ ደፍን ዲሽ ካለዎት ውስጡን ይመልከቱ፤ በእኛ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለው ዲሽ ወደ ሰማይ ስለሚገለበጥ ከታችኛው ጠርዙ በላይ ውኃ ሊያቁርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሊያከማች ይችላል። ውኃው ከሚያቁርበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ።

አንድ ሌላ መጥፋት አለ፤ ሰው በከንቱ የሚደነግጥበት። ከመስቀል ዋዜማ ጀምሮ እስከ ግሸን ማርያም በዓል፣ ማለትም እስከ መስከረም 21 ባሉት ቀናት፣ እንዲሁም በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ትቆማለች። የፀሐይ ሙቀት ጩኸት የሳተላይቱን ደካማ ድምፅ ስለሚሸፍነው ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ይበጣጠሳል፤ ቀኑ ጠርቶ ሳለ። ምንም አይንኩ። ይልቁንስ በዚያች ሰዓት ወደ ግቢ ይውጡና ክብ ዲሽ ካለዎት ጥላውን ይዩ፦ የኤልኤንቢው ጥላ ከዲሹ መካከል ላይ ካረፈ ዲሹ ፊት ለፊት ሳተላይቱን ያያል። ኮምፓስ የሌለው ሰው ዲሹን ማስተካከል ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ቀን አያገኝም።

ሁሉም ሲስተካከል ከጣሪያው ከመውረድዎ በፊት ቀለም ወይም የጥፍር ቀለም ይዘው ማቀፊያው ከምሰሶው በሚገናኝበት፣ ከፍታው በሚታሰርበትና ኤልኤንቢው ከማቀፊያው በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሁለቱን የሚያቋርጥ መስመር ያሥምሩ። ሪሲቨሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይለጥፉ። በሚቀጥለው ክረምት ነፋስ ቢያንቀሳቅሰው መስመሩን ከመስመር ጋር ማገናኘት ብቻ ይቀራል።